ወንድሜ በሚልክልኝ የፍጻሜ ዘመን ቪዲዮ እንቅልፍ አጣሁ

ጥያቄ፦

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴት ነኝ። ያደግሁት በክርስቲያን ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድናችንን ይመራል። ከጋዛው ጦርነት ወዲህ ግን ጥናታችን መልኩን ቀይሯል። ወንድሜ ‹የአሁኗ እስራኤል የትንቢት ፍጻሜ ናት፤ ንጥቀት፣ ማለትም ጌታ አማኞችን ከምድር የሚወስድበት ቀን፣ ደጅ ላይ ነው፤ እስራኤልን የሚነቅፍ ሁሉ በዘፍጥረት 12፥3 የተረገመ ነው› ይላል። አንድ ጓደኛችን ደግሞ ‹አይሁድ ጌታን ሰቅለው ተቆርጠው ቀሩ፤ እስራኤል ማለት አሁን እኛ ነን፤ አለቀ› ይላል። ሁለቱ ተኳርፈዋል። ቡድኑም ለሁለት ተከፍሏል። ወንድሜ ማታ ማታ የጦርነት ቪዲዮ ይልክልኛል። ካየሁት በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። ‹ሁሉም ተነጥቀው እኔ ቀረሁ› ብዬ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ማስተርስ ልማር ስለው ‹ለየትኛው ዘመን ነው የምትማሪው?› አለኝ። በጥናቱ ላይ ለጋዛ ሕፃናት እንጸልይ ብልም አፌን አስያዘኝ። ማን ነው ትክክል? ለእነዚያ ልጆች መጸለይስ እግዚአብሔርን መቃወም ነው?»

እንቅልፍ ያጣሁት እህት

መልስ፦

እህቴ፣ የመጨረሻ ጥያቄሽን ላስቀድም። ለጋዛ ሕፃናት መጸለይ እግዚአብሔርን መቃወም አይደለም። ጸልዪ። ለምን እንዲህ እንደምል ኋላ እመጣበታለሁ። አሁን ስለ እንቅልፍሽ እናውራ፤ እኔን ከክርክሩ ይልቅ ያሳሰበኝ እሱ ነው።

ባዶ ቤት ገብተሽ መደንገጥሽ አያሳፍርሽ። ስለ ንጥቀት በልጅነታቸው የሰሙ ብዙ ሰዎች ይህንኑ ይናገራሉ። እናት ከደጅ ትንሽ ከዘገየች ልጅ «ተነጥቃ ሄደች» ብሎ ይንሰቀሰቃል። አድገውም የማይለቃቸው አሉ።

ግን እስቲ አንድ ነገር ልብ በይ። ንጥቀት በተነሳ ቁጥር የሚጠቀሰው 1ኛ ተሰሎንቄ 4 ነው። ጳውሎስ ያንን ለማን ጻፈው? ሐዘን ለተቀመጡ ሰዎች ነው። የተሰሎንቄ አማኞች ሰው ሞቶባቸዋል። «ጌታ ሲመጣ የሞቱብን ሳያዩት ሊቀሩ ነው ወይ?» ብለው ተጨንቀዋል። ጳውሎስ ደግሞ «አይቀሩም፤ እንዲያውም ቀድመው የሚነሡት እነሱ ናቸው፤ ሁላችንም አብረን ከጌታ ጋር እንሆናለን» ይላቸዋል። ክፍሉን የሚዘጋውም «ስለዚህ እርስ በርሳችሁ በዚህ ቃል ተጽናኑ» ብሎ ነው። ለማጽናኛ የተጻፈ ቃል አንቺን ማታ ማታ የሚያንቀጠቅጥሽ ከሆነ፣ የሚነገርሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ስለዚህ ቪዲዮውን ማታ አትክፈቺው። ስልክሽ ሌላ ክፍል ይደር። ወንድምሽንም «ማታ አትላክልኝ፣ ያመኛል» በይው። ይህን ለማለት ሥነ መለኮት መማር አያስፈልግሽም።

ስለ ትምህርትሽም እዚያው ተሰሎንቄ እንቆይ። በሁለተኛው መልእክት ላይ እንደምታነቢው አንዳንዶች «የጌታ ቀን ደርሷል» እየተባለ ልባቸው ተናውጧል። ሥራ ትተው የሰው እጅ የሚጠብቁም ነበሩ። ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ያለው ለዚያው ጉባኤ ነው።

ታሪኩም ያስተምራል። (ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ዊልያም ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ገበሬና ሰባኪ በዳንኤል 8፥14 ላይ ያለውን 2300 ቀን ወደ ዓመት ለውጦ ቆጠረ። በመጨረሻ ተከታዮቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ላይ ቆረጡ። አንዳንዶቹ ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ ማሳ ላይ ተዉት። ቀኑ መጣ፣ ሄደ። ከዚያ በኋላ ደግሞ እስራኤል በ1948 ስለተመሠረተች ጌታ «ይህ ትውልድ አያልፍም» ያለውን አርባ ዓመት ነው ብለው የደመሩ መጡ፤ 1988 ሆነ። አንድ የቀድሞ የናሳ መሐንዲስ ንጥቀት በዚያ ዓመት ለምን እንደሚሆን 88 ምክንያት ደረደረ። ሳይሆን ሲቀር «አንድ ዓመት ተሳስቻለሁ» ብሎ ወደ 1989 አዞረው። አንዳንዶች ቆጠራውን እስራኤል ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን ከያዘችበት ከ1967 ጀመሩት። የሬዲዮ ሰባኪው ሃሮልድ ካምፒንግ ደግሞ ሜይ 21 ቀን 2011 አለ፤ ሲያልፍ ኦክቶበር 21 አለ። በ1988 «ለየትኛው ዘመን ነው የምማረው» ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ የሃያ ዓመት ወጣት ቢኖር ዛሬ ወደ ስልሳ እየተጠጋ ነው። እህቴ፣ ተመዝገቢ።

አሁን ወደ ክርክሩ። ወንድምሽና ጓደኛችሁ ጫፍና ጫፉን ይዘው የሚጎትቱት ገመድ በጣም ያረጀ ነው። ሁለቱም ግን ዛሬ የተገመደ ይመስላቸዋል።

ወንድምሽ የሚያስተምረው ዲስፔንሴሽናሊዝም ይባላል። ባጭሩ እስራኤልና ቤተ ክርስቲያን ሁለት የተለያዩ ሕዝቦች ናቸው ይላል። ለአብርሃም የተገባው የምድር ተስፋ ለሥጋ ዘሩ ቃል በቃል ይፈጸማል። ቤተ ክርስቲያን በፍጻሜው ዘመን ይመጣል ከሚባለው ከታላቁ መከራ በፊት ትነጠቃለች። ከዳንኤል ሰባ ሱባዔ የቀረችው አንዷ፣ ማለትም ሰባት ዓመት፣ ያኔ ትቀጥላለች። ይህን አሠራር የቀመረው በአየርላንድ የአንግሊካን ካህን የነበረው ጆን ኔልሰን ዳርቢ ነው፤ በ1830ዎቹ። በየቤቱ ያስገባው ግን አሜሪካዊው ሳይረስ ስኮፊልድ ነው። በ1909 ከገጹ ግርጌ የራሱ ማብራሪያ ያለበት መጽሐፍ ቅዱስ አሳተመ። ከላይ ነቢዩ፣ ከታች ስኮፊልድ። ሰው ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ እያነበበ አደገ። ቆይቶ የቱ የሕዝቅኤል፣ የቱ የስኮፊልድ እንደሆነ መለየት አቃተው። ወንድምሽ «መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ይላል» ሲልሽ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ከግርጌው ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

አዲስ ስለሆነ ብቻ ግን አይወድቅም። እነዚህ ሰዎች ነቢያቱን በቁም ነገር ያነብባሉ፤ ለዚህ አከብራቸዋለሁ። አይሁዳውያን አንድ ቀን ወደ መሲሑ ይመለሳሉ የሚለው ተስፋም የዳርቢ ፈጠራ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ብዙ የእንግሊዝ ፒዩሪታኖች ይህንኑ ይጠብቁ ነበር።

የጓደኛችሁ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በእስራኤል ቦታ ተተካች የሚለው፣ የመተካት ትምህርት የሚባለው ነው። ሥሩ ሩቅ ነው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በ160 ገደማ ትሪፎን ከተባለ አይሁዳዊ ጋር ያደረገውን ክርክር ሲጽፍ ቤተ ክርስቲያንን «እውነተኛዋ እስራኤል» ብሏታል። ነገር ግን ያው ዮስጢኖስ ክርስቶስ በኢየሩሳሌም ሺህ ዓመት እንደሚነግሥ ያምን ነበር። በአንዱ ከጓደኛችሁ ጋር ነው፤ በሌላው ወደ ወንድምሽ ይጠጋል። እዚያው ላይ ደግሞ በዚህ በሺህ ዓመቱ ነገር የማይስማሙ ብዙ እውነተኛ ክርስቲያኖች እንዳሉ ሳይደብቅ ይናገራል። ይሄ ሰው በኋላ ስለ እምነቱ አንገቱን የሰጠ ነው። በአቋሙ ደካማ ሆኖ አይደለም እንግዲህ ለሌላው ቦታ የተወው። ኋላ አውግስጢኖስ መጥቶ ሺህ ዓመቱ አሁን ያለው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ነው አለ። የእሱ አነባበብ ለብዙ መቶ ዓመታት ምዕራቡን ገዛ።

ጓደኛችሁ ቤተ ክርስቲያን የአብርሃም ወራሽ ናት ሲል መሬት የለቀቀ ነገር አልተናገረም። ገላትያ 3፥29 «እናንተም የክርስቶስ ከሆናችሁ እንኪያስ የአብርሃም ዘር እንደ ተስፋውም ቃል ወራሾች ናችሁ» ይላል። የሳተው «አለቀ» ያለ ጊዜ ነው። «ጌታን ሰቅለው ተቆርጠው ቀሩ» የሚለው አባባል በታሪክ ብዙ ደም አፍስሷል። ሉተር በ1543 ምኩራቦቻቸው ይቃጠሉ፣ መጻሕፍታቸው ይወሰዱ ብሎ ጽፏል። ናዚዎች አራት መቶ ዓመት ቆይተው ያንን ጽሑፍ መዘው አወጡት። ናዚዎች በአይሁድ ላይ ከፈጸሙት እልቂት በኋላ ነው አብያተ ክርስቲያናት ቆም ብለው ራሳቸውን የመረመሩት። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 የክርስቶስን ሞት በዚያ ዘመን በነበሩ አይሁድ ሁሉ ላይ ወይም ዛሬ ባሉት ላይ መጫን እንደማይቻል በጉባኤ አወጀች። በአሜሪካ ትልቁ የሉተራን ቤተ ክርስቲያንም በ1994 የሉተርን የጥላቻ ቃል በይፋ አልቀበልም አለች። ጸሎተ ሃይማኖት እንኳ በስቅለቱ ላይ በስም የሚጠራው ጲላጦስን ነው።

ታዲያ ማን ነው ትክክል? እኔ ሁለቱንም ይዤ ወደ ሮሜ ከ9 እስከ 11 ነው የምሄደው። እዚያ ጋ ነው ጳውሎስ ፊት ለፊት የሚገጥመው።

አጀማመሩን ተመልከቺ። ትንታኔ አይደለም፣ ለቅሶ ነው። ስለ ወገኖቹ ሲል ከክርስቶስ ተለይቶ የተረገመ ቢሆን እስኪመኝ ድረስ ያዝናል። «እግዚአብሔር ሕዝቡን ጣላቸውን?» ብሎ ይጠይቃል፤ ራሱም «አይደለም» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ የወይራውን ዛፍ ያመጣል። ዛፉ አንድ ነው። ሥሩ አባቶች ናቸው። ያላመኑ ቅርንጫፎች ተሰበሩ፤ ከአሕዛብ የመጣው የበረሃ ወይራ ገባበት፤ የተሰበሩትንም እግዚአብሔር መልሶ ሊያስገባቸው ይችላል። ለወንድምሽ ይህ ፈተና ነው። ሁለት ሕዝብ፣ ሁለት ዕቅድ ላለ ሰው አንድ ዛፍ ብቻ መተከሉ አይመችም። ለጓደኛችሁም ፈተና ነው። አሮጌው ዛፍ ተነቅሎ አዲስ ተተከለ አይልምና። ይልቁንም አዲሱን ቅርንጫፍ «በቅርንጫፎች አትመካ» ይለዋል፤ «ሥሩ አንተን ይሸከምሃል እንጂ ሥሩን የምትሸከም አንተ አይደለህም» ይለዋል። ጓደኛችሁ ጥናት ላይ ሲናገር ድምፁ የሚመካ ሰው ድምፅ ከሆነ፣ ጥቅሱን በትክክል ቢጠቅስም ትእዛዙን ጥሷል።

«እስራኤልም ሁሉ ይድናል» የሚለው 11፥26 ላይ ሲደረስ አዋቂዎቹም ይለያያሉ። ካልቪን ከአይሁድም ከአሕዛብም የዳኑት በሙሉ ናቸው አለ። ሌሎች በየዘመኑ በክርስቶስ ያመኑ አይሁዳውያን ድምር ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በፍጻሜው ብዙ አይሁዳውያን በአንድነት ወደ መሲሑ ይመለሳሉ ይላሉ። እኔ ወደ ሦስተኛው አደላለሁ። ተስፋው ሁሉ መፈጸሚያው ክርስቶስ ነው፤ ለአይሁድ ሕዝብ ግን እግዚአብሔር ገና ምሕረት አለው ብዬ አምናለሁ። «በጸጋው ስጦታና በመጥራቱ አይጸጸትምና» ይላል። ይህ የእኔ ንባብ ነው። አንቺ አንብበሽ ሌላ ጋ ብትደርሺ አልቀየምሽም።

ስለ 1948 ደግሞ። ሕዝቅኤል 37 ላይ የደረቁት አጥንቶች መጀመሪያ ይገጣጠማሉ፣ እስትንፋስ የሚገባባቸው ኋላ ነው። በዚህ ተነሥተው «በመጀመሪያ ያለ እምነት ይሰበሰባሉ፣ ከዚያ መንፈሱ ይመጣል» የሚሉ አሉ። ሌሎች ትንቢቱ የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ አይሁድን ከባቢሎን ከመለሰበት ጊዜ ጀምሮ በክርስቶስ የተፈጸመ ነው ይላሉ። አይሁዳውያኑ ራሳቸውም አይስማሙም፤ መሲሑ ሳይመጣ መንግሥት መመሥረት አይገባም የሚሉ አክራሪ ኦርቶዶክስ የሚባሉ አይሁዳውያን ዛሬም አሉ። ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ ተበትኖ የኖረ ሕዝብ ተሰብስቦ አገር ማቆሙ ያስደንቃል። የእግዚአብሔር እጅ የለበትም ብዬ አልከራከርም። ግን የእግዚአብሔር እጅ በአንድ ነገር ላይ አለ ማለትና የዚያ አገር መንግሥት የሚያደርገው ሁሉ ትክክል ነው ማለት ለየቅል ናቸው። አሦርንም እግዚአብሔር «የቁጣዬ በትር» ብሎታል፤ ወዲያው ደግሞ ስለ ትዕቢቱ ቀጥቶታል።

ርግማኑም እንዲሁ ነው። ዘፍጥረት 12፥3 «የሚባርኩህንም እባርካለሁ፥ የሚረግሙህንም እረግማለሁ» ይላል። አይሁድን መጥላት ርግማን የሚያመጣ ኃጢአት ነው ብትይኝ እስማማለሁ። የጦር ሜዳ ውሳኔን መንቀፍ ግን መርገም ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት የተረገሙት ነቢያት ናቸው። አሞጽ «እናንተን ብቻ አወቅኋችሁ» ካለ በኋላ ቀጥሎ የሚናገረው ስለ ቅጣት ነው። ሚክያስ የኢየሩሳሌምን ገዢዎች ጽዮንን በደም ይሠራሉ ብሎ ገሥጿል። መመረጥ ተጠያቂነትን ይጨምራል እንጂ አያነሣም። ጥቅሱን ደግሞ ወንድምሽ ሁሌ ከመካከሉ ያቆመዋል። መጨረሻው «የምድር ነገዶችም ሁሉ በአንተ ይባረካሉ» ነው። ጳውሎስም በገላትያ 3፥8 ወንጌል ብሎ የሚጠራው ያንን መጨረሻውን ነው። የጋዛ ልጆች ከምድር ነገዶች ውስጥ ናቸው።

በኦክቶበር 7 ቀን 2023 እስራኤል ውስጥ ወደ 1200 ሰው ተገደለ፤ ከዚያም ጋዛ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ። በዚያው ወር በጋዛው የቅዱስ ፖርፊሪዮስ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የተጠለሉ ክርስቲያኖች በአየር ድብደባ ሞተዋል። ወንድምሽ የሚልክልሽ ቪዲዮ ላይ እነዚህ ሰዎች የሉም አይደል? ብዙዎቹ የትንቢት ካርታዎች ላይ የፍልስጥኤም ክርስቲያን የሚባል ሰው የለም። በ2006 የኢየሩሳሌም የላቲን (የካቶሊክ) ፓትርያርክ ከሶርያ ኦርቶዶክስ፣ ከአንግሊካንና ከሉተራን ጳጳሳት ጋር ሆኖ ክርስቲያናዊ ጽዮናዊነትን፣ ማለትም የእስራኤልን መንግሥት በትንቢት ስም የሚደግፈውን የክርስቲያኖች አቋም፣ የሚቃወም መግለጫ የፈረመው ለዚህ ነው። ወንድምሽ በመግለጫቸው ባይስማማ መብቱ ነው። እንደሌሉ ግን አይቁጠራቸው። ለሁለቱም ወገን ሟቾች በአንድ ትንፋሽ መጸለይ ይቻላል፤ ጥናቱ ላይ ከከለከሉሽ ቤትሽ ጸልዪ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ጎግ፣ ሕዝቅኤል 38 ላይ በእስራኤል ላይ ስለሚዘምተው ጠላት። ይሄ ነገር ሁሌ ይገርመኛል። በአራተኛው ክፍለ ዘመን የሚላን ጳጳስ የነበረው አምብሮስ «ጎግ ማለት እነዚህ ጎቶች ናቸው» አለ፤ ያኔ ሮምን የሚያስጨንቁት ጎቶች የሚባሉት የጀርመን ነገዶች ነበሩ። ሉተር ቱርኮች ናቸው አለ፤ ያኔ ቱርኮች ቪየና ደርሰው ነበር። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ሶቪየት ኅብረት ሆነ። አሁን እንደ ዜናው ይቀያየራል። ሕዝቅኤል 38 አልተለወጠም። የሚለወጠው ሰባኪው የሚፈራው ጠላት ነው። ወንድምሽ አዲስ ቪዲዮ ሲልክልሽ «ይሄ አስተማሪ ከሦስት ዓመት በፊት ምን ብሎ ነበር?» ብለሽ ጠይቂው። ለመጣላት ሳይሆን የምር ጠይቂው። አብራችሁ የድሮ ቪዲዮውን ፈልጉ። ደቀ መዛሙርቱም ጌታ ሊያርግ ሲል «በዚህ ወራት ለእስራኤል መንግሥትን ትመልሳለህን?» ብለው ጠይቀውት ነበር። «ወራትንና ዘመናትን ታውቁ ዘንድ ለእናንተ አልተሰጣችሁም» አላቸው። ወዲያው ደግሞ ሥራ ሰጣቸው።

ከወንድምሽ ጋር የምትነጋገሪው በቡድኑ ፊት አይሁን። ሰው ፊት የቡድን መሪ መሸነፍ አይችልም፤ ነገሩን ያከርረዋል። ብቻውን አግኚው። በቅድሚያ ያልተጣላችሁበትን ነገር ንገሪው፦ ጌታ ይመጣል፣ በክብር ይመጣል፣ በሕያዋንና በሙታን ይፈርዳል። ጸሎተ ሃይማኖት ስለ ፍጻሜ የሚለው ይህን ነው፤ የትንሣኤ ሙታን ተስፋንና የሚመጣውን ዓለም ሕይወት ጨምሮ። ስለ ሺህ ዓመቱ አነባበብ፣ ስለ ንጥቀት ሰዓት፣ ስለ 1948 የሚል መስመር የለውም። ከዚያ አንድ ነገር ለምኚው፦ ሦስቱን የሮሜ ምዕራፎች፣ ከ9 እስከ 11፣ ስልክ ዘግታችሁ፣ የግርጌ ማብራሪያ ሳታዩ፣ በአንድ ቁጭታ ጮክ ብላችሁ ተቀባብላችሁ አንብቡ። ጓደኛችሁንም ጥሩት። ከንባቡ በኋላ አትከራከሩ። እያንዳንዳችሁ «ይሄ ቦታ ለእኔ አቋም ይከብደኛል» የምትሉትን አንድ ጥቅስ ብቻ ተናገሩ። አንድም የሚከብደው ጥቅስ አላገኘሁም ያለ ሰው ካለ፣ ችግሩ ከእስራኤል ጉዳይ ውጭ ነው።

ቡድኑ ውስጥ ደግሞ ይህ የአባልነት መመዘኛ እንዳይሆን በግልጽ ጠይቂ። «እንዲህ ያላመነ አብሮን አይጸልይም» እስከማለት ከተደረሰ ጉዳዩን ለቤተ ክርስቲያናችሁ ሽማግሌዎች ውሰጂው። አሻፈረኝ ቢል፣ ወንድምሽ ስለሆነ ብቻ በየሳምንቱ ለመሸማቀቅ አትሂጂ። ሌላ ጥናት ፈልጊ። ወንድምሽን ግን አትራቂው። ደውዪለት፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ጤናው ጠይቂው። ስለ ጎግ ካነሣ ርዕስ ቀይሪ። አንዳንዱ ነገር «ከነገሩ ጦም እደሩ» የሚባልለት ነው።